ከዐውሎ ነፋስ በኋላ «ደኅና ነን» የሚለው ቃል አይበቃም



በአገራችን ሰው ከሰው ጋራ በተገናኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚነጋገረው ስለ ደኅንነት ነው። ጠያቂው «እንደምን ሰነበታችሁ?» ሲል ተጠያቂው «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱ ሊላሂ፥ ደኅና ነን» ብሎ ይመልሳል። ይህም እጅግ የተወደደ ልማድ ነው፤ የሰውን ፊት ያበራል፥ ጎረቤትንም ከጎረቤት ያስተሳስራል። ነገር ግን ይህ መልስ ሰላምታ ነው እንጂ የቤቱን ነገር የሚያስረዳ ወሬ አይደለም። ሌሊቱን ጣራው የተገፈፈበት፥ እህሉ የረጠበበት ሰውም ቢሆን በመንገድ ላይ ሲጠየቅ ከአፉ የሚወጣው ያው «ደኅና ነን» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከብርቱ ነፋስ በኋላ ሰውን መጠየቅ እንደምን ባለ አኳኋን እንደሚገባ፥ ይልቁንም ልጆቻቸውን ወደ ቴኳንዶና ወደ ካራቴ ማሠልጠኛ ለሚልኩ ወላጆችና ለአሠልጣኞቹ የሚጠቅም ጥቂት ምክር እናቀርባለን።

ነገሩን በአንድ አገር ለማስረዳት ወደ አሶሳ እንሂድ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከሱዳን ጠረፍ ሳትርቅ፥ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ትገኛለች። የአገሩ የዝናም ወራት አንድ ሲሆን ከግንቦት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ደረቅና ሞቃት ስለ ሆኑ የመጀመሪያዎቹ ዝናሞች ብዙ ጊዜ ከነጎድጓድና ከነፋስ ጋራ ይመጣሉ። የነፋሱም ምክንያት እንዲህ ነው፤ ከጥቁሩ ደመና ውስጥ ዝናሙ ሲወርድ የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለ ሆነ አብሮት ወደ ታች ይወርዳል፤ ምድርን በነካ ጊዜም በየአቅጣጫው እየሮጠ ይበተናል። ገና አንድ ጠብታ ሳይወርድ አቧራው የሚነሣውና በሩ የሚንኳኳው በዚህ ምክንያት ነው።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ «ሀሪኬን»፥ በጃፓንና በቻይና ባሕር ደግሞ «ታይፉን» የሚባለው ታላቅ ማዕበል ከሞቀ ባሕር ላይ ተወልዶ ከባሕሩ ሙቀት ኃይል የሚያገኝ ስለ ሆነ፥ ከባሕር ርቃ ለምትገኘው ለአሶሳ አይደርስም። ለአገራችን ምሥራቅ ግን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. «ሳጋር» የተባለው ማዕበል በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ በሶማሌላንድ ጠረፍ ከወጣ በኋላ ዝናሙና ጎርፉ እስከ ሶማሌ ክልል ደርሶ ጉዳት አድርሷል። ይሁን እንጂ ጣራው ለተወሰደበት ቤት የነፋሱ ስም ማን እንደ ሆነ ማወቁ ምንም አይጠቅመውም። በአሶሳ አገር ብዙው ቤት ግድግዳው ቀርከሃና እንጨት፥ ክዳኑ ሣር ወይም ቆርቆሮ ነው። ምስማሩ የላላውን ቆርቆሮ ነፋስ በጠርዙ ገብቶ ያነሣዋል፤ አንዱ ቅጠል ከተነሣ በኋላም የቀሩትን ለማንሣት ቀላል ይሆንለታል።

እንግዲህ ከማኅበሩ ሁሉ ስለ ምን የማሠልጠኛውን ቤት ለይተን እንናገራለን? ምክንያቱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው፥ አሠልጣኙ የልጆቹን ስም ሁሉ ያውቃል፤ በየሳምንቱም ማን እንደ መጣ፥ ማንም እንደ ቀረ ያያል። ሁለተኛው፥ በአንድ ሰልፍ የሚቆሙት ልጆች ከልዩ ልዩ ቤት የመጡ ናቸው። በአሶሳ የበርታ፥ የጉሙዝ፥ የሺናሻ፥ የማኦና የኮሞ፥ የአማራና የኦሮሞም ልጅ አብሮ ይኖራል፤ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሠፈሩ ሰዎች የልጅ ልጆችም አሉ። ዘመዱ በሩቅ የሆነን ሰው በመከራ ቀን የሚጠይቀው ጎረቤቱና ባልንጀራው ነው። ሦስተኛውም፥ የሥልጠናው ሕግ ራሱ ይህን ያዝዛል። ቴኳንዶ በ1947 ዓ.ም. በኮሪያ ይህ ስም ሲወጣለት ስሙን ያወጡት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ሲሆኑ፥ በእርሳቸው ሥርዐት የሚሠለጥን ሁሉ የሚማራቸው አምስት መመሪያዎች አሉ፤ እነርሱም አክብሮት፥ ሐቀኝነት፥ ጽናት፥ ራስን መግዛትና የማይበገር መንፈስ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስለ እግር አመታት የሚናገር አንድም የለም፤ አምስቱም ስለ ሰው ጠባይ የሚናገሩ ናቸው።

ልጆቻችን ስለ ቶክዮ ከተማ ይሰማሉ፤ በ2013 ዓ.ም. በዚያች ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ሰሎሞን ቱፋ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯልና። ነገር ግን የዚያችው ከተማ ሌላ ታሪክ ለጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅመናል። ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923) ለቀትር ሁለት ደቂቃ ሲቀር ቶክዮንና ዮኮሃማን ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥ መታቸው። ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ስለ ነበረ በየቤቱ እሳት ይነድድ ነበር። በዚያው ቀን በጃፓን ምዕራባዊ ጠረፍ፥ በኖቶ ልሳነ ምድር አቅራቢያ የታይፉን ማዕበል ነበረና ከእርሱ የመጣው ብርቱ ነፋስ እሳቱን ከሰፈር ወደ ሰፈር አዛመተው። ከ100 ሺህ በላይ የሆኑ ሰዎችም ሞቱ።

በዚያ ጊዜ ፉናኮሺ ጊቺን የተባሉት የካራቴ መምህር ከኦኪናዋ ደሴት ወደ ቶክዮ ከመጡ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሆኗቸው ነበር። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ፥ ቀድሞ በአገራቸው የትምህርት ቤት አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። የሚያስተምሩበት ቤት ከጥፋቱ ተረፈ፤ ከደቀ መዛሙርታቸው ግን ብዙዎቹ ሞቱ ወይም የደረሱበት ጠፋ። መምህሩና የተረፉት ተማሪዎች በዚያ ወራት ትምህርቱን አቆዩት፤ ቤት ላጡት ሰዎች ምግብ በማደል፥ ፍርስራሽ በማንሣት፥ ሬሳ በማንሣትም ከሌሎች ፈቃደኞች ጋራ ሠሩ። ከዚህም በኋላ ኑሯቸውን ለመደገፍ መምህሩ ራሳቸው ከተማሪዎቻቸው ጋራ በአንድ ባንክ ውስጥ የማባዣ ወረቀት እያዘጋጁ ሲሠሩ ቆዩ። ማስተማሪያው ቤት መታደስ ባስፈለገው ጊዜም ናካያማ ሃኩዶ የተባሉት ዝነኛ የሰይፍ ትምህርት መምህር የራሳቸውን አዳራሽ ተማሪዎቻቸው በማይጠቀሙበት ሰዓት ለካራቴው ፈቀዱላቸው። ይህን ታሪክ ፉናኮሺ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ጽፈውታል። ከዚህ የምንማረው፥ ማሠልጠኛ ቤት የሚባለው ቤቱ ሳይሆን ሰዎቹ እንደ ሆኑ፥ የአንዱም ትምህርት መምህር ለሌላው ትምህርት መምህር በክፉ ቀን ወንድም እንደ ሆነ ነው።

አሁን ወደ አሶሳ እንመለስና ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በከተማዪቱ አንድ ወጣት የቴኳንዶ አሠልጣኝ አለ እንበል፤ ልጆቹ «ማስተር» እያሉ ይጠሩታል። በሰኔ ወር አንድ ሌሊት ብርቱ ነፋስ ነፍሶ የማሠልጠኛውን ቆርቆሮ ወሰደ። በማለዳ ለወላጆቹ ሁሉ ስልክ ቢደውል ያገኛቸው ሁሉ «ደኅና ነን» አሉት። እርሱም ደስ አለው፤ ነገር ግን መዝገቡን ይዞ ቤት ለቤት ለመሄድ ወሰነ። በሰባተኛው ቤት አንዲት አሮጊትና የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸው ይኖራሉ።

«እማማ፥ እንደምን አደሩ? ነፋሱ ጎዳችሁ ወይ?»

«አልሐምዱ ሊላሂ፥ ደኅና ነን ልጄ። አንተስ ቤተ ሰዎችህ እንዴት ናቸው?»

አሠልጣኙ በዚህ መልስ ረክቶ ቢመለስ ኖሮ በመዝገቡ ላይ «ደኅና» ብሎ ይጽፍ ነበር። እርሱ ግን «ሌሊቱን የት ተኛችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አሮጊቲቱ ጥቂት ዝም ብለው «እኔ ከጎረቤት ነው ያደርሁ፤ ልጁ ግን ዕቃውን ልጠብቅ ብሎ እዚሁ ጥግ ይዞ ዐደረ» አሉ። «ዱቄቱስ?» ቢላቸው «ረጥቧል» አሉ። ወደ ልጁ ዘወር ብሎ «አንተስ ዛሬ ማታ ትመጣለህን?» ሲለው ልጁ ዐንገቱን ደፋ። ነጩን የሥልጠና ልብሱን ነፋሱ ወስዶበታል፤ ያለ ልብስ በሰልፍ መቆም አሳፍሮት ሥልጠናውን ሊተው በልቡ ቈርጦ ነበር።

አሠልጣኙም «ልብሱ አይደለም የሚሠለጥነው፤ አንተ ነህ። በለበስኸው ልብስ ና» አለው። ከሰዓት በኋላ ታላላቆቹ ሠልጣኞች ከአባቶቻቸው ጋራ መጥተው በደቦ ጣራውን ከደኑ፤ አንዲት እናትም በቁና ዱቄት ሰፍረው ላኩ።

ልብ አድርጉ። በዚህ ምሳሌ ያን ልጅ ያዳነው የአሠልጣኙ ጉልበት አይደለም፤ «ሌሊቱን የት ተኛችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ብቻ መመለስ አይቻልምና እውነተኛውን ነገር ያወጣዋል።

ስለዚህ ለወላጆችና ለአሠልጣኞች የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ፤ ዝናሙ ሳይገባ የልጆቹ ስም፥ የወላጅ ስም፥ የስልክ ቊጥርና ቤቱ በምን አጠገብ እንደሚገኝ በወረቀት ተጽፎ በሁለት ሰዎች እጅ ይቀመጥ። ከነፋስ በኋላ መብራት ይጠፋል፥ ስልክም ይዘጋል፤ ወረቀት ግን በደረቅ ስፍራ ከተቀመጠ ሁልጊዜ ይናገራል። በቤቱ ሽማግሌ፥ በሽተኛ ወይም አራስ ካለ ይህም ይጻፍ፤ እንዲህ ያለው ቤት አስቀድሞ ይጠየቃልና።

2ኛ፤ ለመጠየቅ የሚሄዱት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሂዱ፤ ትንንሽ ልጆች ለብቻቸው አይላኩ። መብረቁና ነጎድጓዱ ሳያቆም ማንም አይውጣ። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ማንም አይቅረበው፥ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይነገረው። የሞላ ወንዝ አይሻገሩ። የተገነጠለ ቆርቆሮ እንደ ቢላዋ ስለሚቈርጥ በባዶ እጅ አይነካ።

3ኛ፤ ጥያቄው ዝርዝር ይሁን። የት ዐደራችሁ? ምን በላችሁ? የሚጠጣ ውሃ አላችሁን? የልጁ ደብተር ተርፏልን? የበሽተኛው መድኃኒት የት ነው? እያሉ መጠየቅ ይገባል። ጠያቂውም በደጅ ቆሞ ከመመለስ ገብቶ ቢያይ ይሻላል።

4ኛ፤ በመጀመሪያው ቀን ጠያቂ ይበዛል፥ በሦስተኛው ቀን ያንሳል፥ በሁለተኛው ሳምንት ከነአካቴው ይቀራል። የረጠበው እህል የሚሻግተው፥ ልጁም በብርድ የሚታመመው በዚያ ጊዜ ነውና ዳግመኛ መሄድ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ርዳታው የሰውን ክብር የሚጠብቅ ይሁን። የተቸገረውን ሰው በሰልፍ ፊት ስሙን መጥራት፥ ስጦታ ሲቀበልም ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም። ችግሩን ደብቆ «ደኅና ነን» ያሰኘው ይኸው የኀፍረት ፍርሃት እንደ ነበረ አንርሳ።

6ኛ፤ አዳራሹ ቢፈርስም ሥልጠናው በዛፍ ጥላ ሥር ይሁን በሜዳ ቶሎ ይጀመር። ሌሊቱን ፈርቶ ላደረ ልጅ የለመደውን ሰልፍ፥ የለመደውንም ድምፅ እንደ ማግኘት ያለ መጽናኛ የለም። ለቀረው ልጅም ቅጣት አይዘጋጅለት፤ «ስለ ምን ቀረ?» ብሎ የሚሄድ ባልንጀራ ይዘጋጅለት።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ከፍ አድርጎ መርገጥን ወይም ጣውላ መስበርን በተማረ ጊዜ ደስ ይላችኋል፤ ደስታችሁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዝናም በኋላ በማለዳ ተነሥቶ «ጓደኛዬን አይቼ ልምጣ» ያለ ዕለት ይበልጥ ደስ ይበላችሁ፤ የሥልጠናው ፍሬ የታየው በዚያ ቀን ነውና። እናንተም በዚህ ክረምት ከጎረቤታችሁ «ደኅና ነን» የሚል መልስ በሰማችሁ ጊዜ አመስግኑ፥ ከዚያም ጥቂት ቆይታችሁ «ሌሊቱን የት ዐደራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።