ጨምሮ ለመለወጥ ከመጣደፍ በፊት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ እንዲህ ያለ ጠዋት ብርቅ አይደለም። አንድ አሮጌ ቪትዝ ዳር ይዞ ቆሟል። ኮፈኑ ተከፍቶ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። ባለቤቱ ልጆቹን በታክሲ ከሸኘ በኋላ በሃይላንድ የያዘውን ውሃ እያየ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቃል። ስልኩን ሲያወጣ መጀመሪያ ለመካኒኩ ይደውላል፣ ቀጥሎ ለደላላው። «በቃ ሰልችቶኛል፣ ገዢ ፈልግልኝ!»

ውሳኔው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በተናደዱበት ቀን የሚሸጥ መኪና ዋጋ የሚቆርጠው ባለቤቱ ሳይሆን ገዢው ነው፤ ቆሞ የተገኘ መኪና ደግሞ መነሻ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ለሽያጭ ያበቃው ብልሽት ብዙ ጊዜ ቀላል ሆኖ መገኘቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳን ሥራው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት በመፍጠር ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ማድረግ ነው። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃውም ዳገት ላይ ይገነፍላል። ጋራዥ ሲኬድ ደግሞ «ቴርሞስታቱን እናውጣው» የሚል መፍትሔ አይጠፋም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በወጉ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ራሱም ቶሎ ያልቃል። ክዳን በጊዜው ያልቀየረ ሰው በመጨረሻ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎበት ቴስታታ ያስወርዳል። ያኔ ጥፋቱ በመኪናው እርጅና ይሳበባል።

በሌላው ዓለም የሚሠራበት አንድ የታወቀ መለኪያ አለ፦ የዓመት የጥገና ወጪ ወደ መኪናው ዋጋ ሲጠጋ መኪናውን መሸኘት። ይህ መለኪያ መኪና በየዓመቱ ዋጋው በሚወርድበት አገር ያስኬዳል። እኛ ዘንድ አሮጌ መኪና በብር ሲሰላ ዋጋው ሲጨምር ነው የታየው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከጃፓን ያገለገለ ቪትዝ አስመጥቶ መለወጥ የሚባለው መንገድ ተዘጋ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያለ ባለ መኪና ሊጠይቅ የሚገባው «መኪናዬ ስንት ያወጣል?» ብሎ ሳይሆን «ለመለወጥ ስንት እጨምራለሁ፣ የጨመርኩትስ ስንት ጥገና ያስቀርልኛል?» ብሎ ነው።

ለስሌት ያህል አንድ መኪና በ1 ሚሊዮን ብር ይሸጣል፣ የተሻለው 1.8 ሚሊዮን ብር ይጠየቅበታል እንበል። ጭማሪው 800,000 ብር ነው። አሮጌው በዓመት 120,000 ብር ጥገና ከበላና የተሻለው በ40,000 ከታለፈ፣ በዓመት የሚተርፈው 80,000 ብር ነው። የተጨመረው ገንዘብ በጥገና ቁጠባ የሚመለሰው በአሥር ዓመት ነው ማለት ነው። የደላላው ኮሚሽንና የስም ማዛወሪያው ገና አልታሰበም። «የተሻለው» የተባለውም ቢሆን ከሌላ ሰው እጅ የሚወጣ፣ ገመናው በቀለም የተሸፈነ መኪና ሊሆን እንደሚችል መርሳት አይገባም።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ መከራከሪያ ይነሳል። ዋጋ እየናረ ነው፤ ሁለቱም መኪኖች እጥፍ ቢሆኑ የዛሬው 800,000 ብር ጭማሪ 1.6 ሚሊዮን ይሆናል፣ ስለዚህ መቆየት ያከስራል ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ልክ የሚሆነው ጭማሪው በእጅ ላለው ሰው ነው። እቁቡ ደርሶት ብሩ ባንክ ውስጥ የተኛበት ሰው ቢለውጥ ያስኬደዋል። ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ቀንሶ፣ ከዘመድ ተበድሮ ለሚለውጥ ግን ይህ ክርክር ወጥመድ ነው። አዲሱ መኪና በወሩ ፍሬን ሸራ ቢጠይቀው የሚከፍለው የለውም፤ ያኔ የተሻለውም መኪና ሳይጠገን ያረጃል።

ስሌት የማይገባባቸው ነገሮችም አሉ። ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና የመኪናው አጥንት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ለዓመታት ካልተቀየረ የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርዱ በሙቀት ይፈላና ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ይህ በጊዜው ከተቀየረ ርካሽ ሥራ ነው፣ መኪና የሚያሸጥ አይደለም። ጎማም ዕድሜው ጎኑ ላይ ተጽፏል፦ 2319 የሚል ቁጥር በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሻንሲው ወይም የአሞርዛተሩ መቀመጫ በዝገት ተበልቶ በየጊዜው የሚበየድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ይገኛል። የተበላ አጥንት ግን ዛሬ ቢበየድ ነገ ከጎኑ ይቀደዳል። እንዲህ ያለ መኪና ቤተሰብ ሊጫንበት አይገባም፣ የጭማሪው ነገር ምንም ያህል ቢከብድ።

ሞተር ማሳደስስ? ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣና ዘይት የሚበላ ሞተር ጊዜ ይሰጣል፤ ዘይቱን እየጨመሩ ገንዘብ ማጠራቀም ይቻላል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ሲመዘዝ ግን ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይዞ ከወጣ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ያ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መነዳት የለበትም።

ኤሌክትሪክ መኪናስ የሚል አንባቢ ይኖራል። ከቤንዚን መላቀቁ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም የአንድ ሊትር ዋጋ 100 ብርን ተሻግሯል። በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ለሚነዳና ግቢው ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ለሚችል ሰው በደንብ ሊያዋጣ ይችላል። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ለሚል ሰው ግን የሚቆጥበው ነዳጅ ጭማሪውን ለመሸፈን ረጅም ዓመት ይፈጅበታል። ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ከምንም በፊት ባትሪው በመሣሪያ ተለክቶ ምን ያህል አቅም እንደቀረው ይጠይቅ። የባትሪው ነገር እንደ ሞተር በጆሮ የሚለይ አይደለም።

አብዛኛው ባለ መኪና የዓመት ወጪውን ቢጠየቅ አያውቀውም። «ባለፈው ሞተሪኖ፣ ከዚያ በፊት ፍሪሲዮን» እያለ በግምት ይናገራል። ጋራዥ የሰጠው ደረሰኝ፣ ካለም፣ ዳሽቦርድ ውስጥ ተጨማዶ ደብዝዟል። አንድ የደብተር ገጽ ይበቃ ነበር፦ ቀን፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የተሠራው ነገር፣ የተከፈለው ብር። ስድስት ወር የተመዘገበበት ገጽ ከደላላም ከመካኒክም ምክር ይበልጣል፣ ምክንያቱም አንዱ በመሸጡ፣ ሌላው በመጠገኑ ይጠቀማል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን ክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ጎማ በጣት ዳስሱ፣ የዘይቱን ዘንግ መዝዛችሁ ቀለሙን እዩ፣ የአራቱንም ጎማ ቁጥር አንብቡ። ያያችሁትን ጻፉ። ለደላላ መደወል ካስፈለገም፣ መኪናዋ ቆማ ሳይሆን በራሷ ሞተር እየሄደች ሳለ ደውሉ።