«አለሁበት» ብሎ መቅረት

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ካልተነሳን ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል፤ አሞራ ገደል ዓሣ መብላትም ይቀራል። ይሄን የሚያሰላው፣ ሚኒባስ የሚከራየው፣ ቀብድ የሚከፍለው፣ አልጋ የሚይዘው ግን ሁሌ አንድ ሰው ነው። እናንተ «አለሁበት» ትላላችሁ፤ ዓርብ ማታ ስልካችሁ አይሠራም!

ባለፈው ለ12 ሰው የያዝኩትን መኪና 7 ሆነን ሄድንበት። የቀሩት የ5ቱ ሂሳብ ከመምህር ደሞዝ ወጣ። ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ለጓደኝነታችን ብዬ ነበር፤ ያተረፍኩት ግን ቂም ነው።

ከእንግዲህ እስከ ረቡዕ ድርሻውን ያልላከ አልተቆጠረም። ብር ያጠረው በውስጥ ይንገረኝ፤ ተጋግዘን እንሸፍናለን። መቅረት ነውር አይደለም፤ ሳይናገሩ መቅረት ነው ነውሩ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ አትሳቁ! ስም ስጠራ «አቤት» ብላችሁ በመስኮት ትወጡ የነበራችሁት እናንተም ያው ናችሁ።