ስለ ጎረቤት ውሻና ስለ ይሉኝታ

ወጣቶች ሆይ፤ በሰፈራችን ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ እኔ ዛሬ እጅግ የምጠላው አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «አይነክስም» የሚለው ነው። ይህን የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ በበሩ ላይ ቆሞ፥ ውሻው በመንገደኛው እግር ዙሪያ ጥርሱን እያሳየ ሲዞር፥ እጁን በኪሱ ከትቶ ፈገግ ይላል። መንገደኛውም እየፈራ ፈገግ ይላል። እኔም እንደዚሁ ፈገግ እያልሁ ሁለት ዓመት አለፍሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምከሰው ጎረቤቴን ብቻ አይደለም።

ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በአዲስ አበባ ዳር በምትገኝ አነስተኛ ቤት እኖራለሁ። በአንድ አጥር የምንዋሰነው ጎረቤቴ ነጋዴ ናቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም። ለሰው የሚራሩ፥ ለቅሶ የማይቀሩ ሰው ናቸው። የእድራችንን ድንኳን ከነወንበሩ ገዝተው የሰጡ እርሳቸው ናቸው። እኔም የእድሩ ጸሐፊ ስለ ሆንሁ የምስጋናውን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌላቸዋለሁ። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ውሻቸው ትልቅ፥ ጥቁር፥ ከፈረንጅ ዘር የተዳቀለ ነበር። ቡችላ ሆኖ ሲመጣ አይቼዋለሁ፤ እንደ ማንኛውም ቡችላ የሰው እጅ ይልስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኃይለኛ እንዲሆን ተብሎ ሦስት ክንድ በማትሞላ ሰንሰለት ታሰረ። ቀኑን ሙሉ በፀሐይና በዝናብ እዚያው ቆሞ ይውላል፤ ዘበኛው ባለፈ ባገደመ ቍጥር በዱላ ይነካካዋል፤ ሥጋ በሚጥሚጣ ለውሶ ሲያበላውም በዓይኔ አይቻለሁ። በተፈጥሮው ቁጡ የሆነ ውሻ አይገኝም አልልም። ነገር ግን ታስሮ፥ ተደብድቦና ከሰው ተለይቶ ያደገ ውሻ ወዳጅን ከጠላት የሚለይበትን ትምህርት ከወዴት ያገኘዋል? በዱላ ብቻ ያደጉ ልጆች በክፍሌ ነበሩና ይህን ነገር በሰውም አይቼዋለሁ።

ሲመሽ ሰንሰለቱ ይፈታል። በሩም ለመኪና ከተከፈተ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳይዘጋ ይቀራል። በዚሁ በር ላይ በቀይ ቀለም «ተናካሽ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በሩ «ተናካሽ ነው» ይላል፥ ባለቤቱ «አይነክስም» ይላሉ። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። ደግሞስ ጽሕፈቱ ማንን ይጠብቃል? ፊደል ያልቈጠሩ አሮጊት አያነቡትም፤ የአምስት ዓመት ሕፃን አያነበውም፤ ውሻውም አያነበውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ2071ኛው ቍጥር እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋል፤ እንስሳው ድንገት ከእጁ ቢያመልጥም፥ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ኀላፊነቱ አይቀርለትም። በኦሪት ዘጸአትም ስለሚዋጋ በሬ የተደነገገውን ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሳይጠብቀው ቢቀር በደሉ እጅግ ይከብድበታል። በበሩ ላይ «ተናካሽ» ብሎ ያስጻፈ ሰው ግን ሌላ ሰው እስኪነግረው እንኳ አልቈየም፤ ራሱ በራሱ ላይ መስክሯል።

ባለፈው ክረምት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከቀትር በኋላ እየመጣች እኔ ዘንድ ንባብ ትማር ነበር። አያትዋ ጉሊት ይነግዳሉ። አንድ ቀን ልጅቱ በምትመጣበት ሰዓት ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ውሻው ባትዋን ሁለት ቦታ ነክሷት፥ መጽሐፍዋ ጭቃ ውስጥ ወድቆ አገኘኋት። ሴቶች የተፈጨ ቡና ይዘው በቍስሉ ላይ ሊነሰንሱ ሮጡ። እኔ ግን ከለከልሁና ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ፥ ሰዓቴን እያየሁ፥ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብሁት። ልጅቱ እየጮኸች ለመነችኝ፤ አልሰማኋትም።

ይህን ያደረግሁበትን ምክንያት እናንተም ዕወቁት። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ካለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በንክሻው ይገባና በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቈያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ቍስሉን ወዲያው ማጠብና ሳይዘገዩ መከተብ ሰውን ከሞት ያወጣል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር በዚህ ክትባት መጀመሪያ ያዳነው ልጅ፥ ዮሴፍ ማይስተር የሚባለው፥ እርሱም እንደዚህች ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በእኛም አገር ለብዙ ዘመን ከበግ አንጎል የተሠራ ክትባት በሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ ነበር። በሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ አንድ ጓደኛችን ተነክሶ ይህን መርፌ ሲጨርስ ቀና ብሎ መሄድ አቅቶት ነበር። የዛሬው ክትባት እንደዚያ አያሠቃይም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ክትባቱ ወዲያው ተጀመረላት። ቀጥሎም ነርሷ «ውሻው ተከትቧል? የትስ አለ?» ብላ ጠየቀችን። እንዳይገደል፥ ታስሮ አሥር ቀን እንዲጠበቅ አዘዘችን፤ አሥሩን ቀን በጤና ከቈየ ሲነክሳት በምራቁ በሽታው አልነበረም ማለት ነውና። ተመልሼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። «መምህር፥ ውሻው ጠፋ» አሉኝ። የክትባት ወረቀትም አልነበረውም። በማግሥቱ ከዘበኛው እንደ ሰማሁት ውሻው በዚያኑ ሌሊት በመኪና ተጭኖ ወደ ገጠር ተልኳል።

ጎረቤቴ ለአያትየው ጤፍና ገንዘብ ልከዋል፤ አያትየውም መርቀዋቸዋል። ሰፈሩም «እንግዲህ ከካሡ ምን ይጠበቃል?» አለ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ከእርሳቸው የተፈለገው ጤፍ አልነበረም፤ ውሻው ነበር። ውሻው ቢገኝ ኖሮ አያትየው በአሥራ አንደኛው ቀን ልባቸው ባረፈ ነበር። አሁን ግን ክትባቱ ሁሉ ተፈጽሞ እንኳ፥ ልጅቱን ጉንፋን በያዛት ቍጥር «መምህር፥ ያ ነገር ይሆን እንዴ?» እያሉ በሌሊት በሬን ይመታሉ። ይህን ፍርሃት የሚያህል ጤፍ በየትኛው ወፍጮ ቤት ይገኛል?

ሌባ በዛ ይሉኛል። እውነት ነው፥ በዝቷል። ነገር ግን ሌባ ውሻው የት እንዳለ አጥንቶ፥ አጥንቱን ወይም መርዙን ይዞ ነው የሚመጣው። ሳያስበው የሚያዘው ቆጣሪ አንባቢው፥ ለማኙና ተማሪው ነው። ቤት ጠባቂ ውሻ በግቢው ውስጥ ሆኖ ቢጮኽ ሥራውን ሠርቷል፤ መንገድ ላይ የወጣ ውሻ ግን የማንን ቤት ይጠብቃል? ሌሎች ደግሞ «ውሻን ሁሉ በመርዝ መጨረስ ነው» ይላሉ። ይህም ስንፍና ነው። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ቢከተቡ በሽታው መተላለፉ ይቋረጣል፤ መርዝ የተከተበውን ካልተከተበው ለይቶ አይገድልም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ምን አደረግሁ? ውሻው ቆጣሪ አንባቢውን ሲያባርር አይቻለሁ፤ የአንድ ተማሪ ሱሪ ሲቀድም አይቻለሁ። በልቤ ግን «ነገ ብሞት የምለቀስበት ድንኳን የእርሳቸው አይደለምን?» እል ነበር። ሽማግሌዎቻችንም «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» እያሉ ዝምታችንን በተረት ያለብሱት ነበር። «በርህን ዝጋ» ሊባል የማይቻል ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ የሚሻለው በምኑ ነው? ሁላችን ይሉኝታችንን ጠበቅን፤ የተነከሰችው ግን በእድሩ መዝገብ ስምዋ የሌለ ልጅ ናት።

ባለፈው ወር በእድሩ ስብሰባ ላይ ጽፌ አነበብሁ። የጠየቅሁት ብዙ አልነበረም፤ ውሻ ያለው ሁሉ በሩን እንዲዘጋ፥ ውሻውን በየዓመቱ አስከትቦ ወረቀቱን እንዲያሳይ፥ ወደ ውጭ ሲያወጣው በገመድ እንዲይዘው ብቻ ነው። አንብቤ ስጨርስ ማንም አልተናገረም፤ አንዳንዱ ወደ ድንኳኑ ጣራ ያይ ነበር። በኋላ አንድ ሽማግሌ «ነገሩ ለሚመጣው ወር ይደር» አሉ፤ እኔም ጸሐፊ ነኝና እንደ ተባለው በቃለ ጉባኤው ጻፍሁ።

ልጅቱ በበሬ በኩል ማለፍ ስለ ፈራች አሁን መጽሐፉን ይዤ ወደ አያትዋ ቤት የምሄደው እኔ ነኝ። ትናንት ስወጣ ጎረቤቴ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ በእግራቸው ሥር አዲስ ቡችላ አለ። አሮጌዋ ሰንሰለትም እዚያው በቦታዋ ተንጠልጥላለች። «መምህር፥ አይዞዎ፤ አይነክስም» አሉኝ። ፈገግ አላልሁም።

«የክትባቱን ወረቀት ያሳዩኝ» አልኋቸው።

«ገና ሕፃን ነው እኮ፤ እናስከትበዋለን» አሉ።

«መቼ?» አልሁና መልሳቸውን እስኪሰጡኝ ድረስ እዚያው በሩ ላይ ቆምሁ።