«የሚመስለንን ሰው አጣን» ለምትሉ የአሶሳ ልጆች



«እዚህ ከተማ እንደኛ የሚያስብ ሰው የለም። ከዚህ መውጣት ነው የሚሻለው።»

ይህን ንግግር ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂድ ግቢ ውስጥ ከሚቆዩ ወጣቶች ደጋግመን እንሰማዋለን። የሚናገሩት ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ያነባሉ፣ ይቀራሉ፣ አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል። የሚሉትም ክፉ ነገር አይደለም። ሰው በትውልዱ ሳይሆን በሥራው ይመዘን ይላሉ። ሥራና ሥልጣን አባትህ ከየት መጣ እየተባለ አይታደል ይላሉ። ይህን ሲሉ ግን ቤት ውስጥ ቁጣ፣ ሰፈር ውስጥ ስም ማጥፋት፣ ቢሮ ውስጥ ጥርጣሬ ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻ ሐሳባቸውን ለስልካቸው ብቻ እየነገሩ ልባቸውን አስቀድመው አዲስ አበባ ይልካሉ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ ሁለት ወገን እንሞግታለን። አንደኛው ከተማችንን «ባለቤት» እና «መጤ» ብሎ ለሁለት የከፈለው ነው። ሁለተኛው ይህን ሸሽቶ መሄድን መፍትሔ ያደረገው ነው።

ነገሩን በስሙ እንጥራው

በ1995 ዓ.ም. ተሻሽሎ የጸደቀው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት ብሎ የሚጠራው አምስት ብሔረሰቦችን ነው፤ በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሽናሻን፣ ማኦንና ኮሞን። ሌሎች በክልሉ የሚኖሩ ሕዝቦች እንዳሉ እውቅና ይሰጣል፤ ባለቤት ግን አይላቸውም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ የክልሉን ግማሽ የሚሞላ አንድም ብሔር አልተገኘም። በርታ ሩብ ያህል፣ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ኦሮሞ ከአሥር ሰው ከአንድ በላይ ነበሩ። ሙስሊሙ ከመቶ 45 ገደማ ነበር። ማለትም እዚህ አገር ሁሉም አናሳ ነው። ብቻውን የሚያድር ሕዝብ የለም።

ሕግ ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል ግን ከወረቀት ወጥታ ገበያ ገባች፣ ትምህርት ቤት ገባች፣ በመጨረሻም መስጂድ በር ላይ ጫማ ስናወልቅ ከእኛ ጋር ገባች።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ የአካባቢውን ቋንቋ አይችሉም የተባሉ ዕጩዎች ከውድድር ታገዱ። ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ በ1995 ዓ.ም. ዕጩ ማወቅ ያለበት የክልሉን የሥራ ቋንቋ ነው ተብሎ ተወሰነ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። ፋይሉ ተዘጋ፤ የሰው ልብ ግን እንደተከፈለ ቀረ። እገዳው የተነሳለት ሰው አሁንም «መጤ» ይባላል። ቋንቋዬ ሊጠፋ ነው ብሎ የሰጋው በርታም ስጋቱ አልተነሳለትም።

በአንድ ሰፍ የቆሙ ሁለት ሰዎች

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች በተለይም ከወሎ ብዙ ሺህ ሰው እየጫነ አሶሳ ዙሪያ አሰፈረ። ከመጡት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የመጡትን «ትሄዳላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። የአገሩን ሰው በርታንም «መሬትህን ትሰጣለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ሁለቱም በአንድ ውሳኔ የተጎዱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አለፈ። እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ የተቀበሩ አሉ።

ዛሬ የመንጌው በርታና የወሎ ሰፋሪ ልጅ በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ኢማሙ «ሰፋችሁን አስተካክሉ» ሲል ሁለቱም እግራቸውን ያጠጋሉ። ሶላቱ ካለቀ በኋላ ግን የአንዱ ልጅ የሌላውን ልጅ ለኒካሕ ሲጠይቅ ምን ይባላል? «ልጁ ደግ ነው፣ ቁርኣንም ቀርቷል፣ ግን ሰፋሪ ነው።» ከወዲያም በኩል «ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ግን የእነሱ ወገን ናት።» ይህች «ግን» የምትባል ቃል ስንት ኒካሕ እንዳፈረሰች እኛ መስጂድ የምናገለግል እናውቃለን። ለኒካሕ የታዘዝነው ዲንና አኽላቅ እንድንጠይቅ ነው። የትውልድ ወረዳ ከየት መጣ?

ታሪኩን የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በአንድ ዘመቻ ላይ አንድ ሙሃጂርና አንድ አንሷር ተጣሉ። አንዱ አንሷሮችን፣ ሌላው ሙሃጂሮችን ለወገንተኝነት ተጣራ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥሪውን የጃሂሊያ ጥሪ አሉት፣ የሸተተ ነገር ነውና ተዉት ብለው አዘዙ። ልብ በሉ! «አንሷር» እና «ሙሃጂር» ቁርኣን ያወደሳቸው የክብር ስሞች ናቸው። እነሱ እንኳ ለመቧደኛ ሲውሉ ከሸተቱ፣ «ባለቤት» እና «መጤ» ምን ሊሸቱ ነው?

ያኔ ነገሩን ያራገበው ማን ነበር? የመዲናው ተወላጅ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡበይ ነው። ወደ ከተማ ስንመለስ እነዚህን መጤዎች እናስወጣለን ብሎ የዛተው እሱ ነው፤ ሱረቱል ሙናፊቁን ይህን ይነግረናል። በሲራ እንደተዘገበው ደግሞ በአባቱ ላይ የቆመው የገዛ ልጁ ነበር። ልጁ መዲናን ለቆ አልሄደም። መዲና በር ላይ ቆመ እንጂ።

ለ«ባለቤት ነን» ባዮች

አንድ የሚመር ነገር እንናገራለን። ባለቤትነት የዘር ሐረግ ከሆነ ታሪክ ሁላችንንም ያሳፍራል። በአሶሳ ገዥ በሼኽ ሖጀሌ አል ሐሰን ዘመን ከዚህ አካባቢ ሰው እየተያዘ በባርነት ይሸጥ ነበር። ባለቤታቸው ሲት አምና በዚህ ንግድ ስሟ በታሪክ ተጽፏል። የተሸጡት ከማኦና ከኮሞ ከመሳሰሉ ወገኖች ነበሩ። ዛሬ በወረቀት «ባለቤት» የተባሉት ማለት ነው! ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ገዥም ሻጭም ተሻጭም ሙስሊምም ያልሰለመም የዚሁ አፈር ልጆች ነበሩ። ስለዚህ «የአገሩ ልጅ» መሆን ብቻውን ማንንም ፍትሐዊ አላደረገም።

ድንበር ማዶንም እንይ። ከኩርሙክ ወዲያ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ሐውሳዎች የራሳችን አስተዳዳሪ ይኑረን አሉ። በርታዎች መሬታችንን ሊወስዱ ነው ብለው ተቃወሙ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ100 በላይ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ200 በላይ ሰው ተገደለ። ገዳይም ሟችም ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ነበሩ። በእኛም ክልል ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰው ተጨፍጭፏል። እዚያ የሞቱት ሕፃናት ባለቤት ይሁኑ መጤ ምን ያውቁ ነበር?

ጉባ ላይ ያለው ግድብ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከሁሉም ክልል ሰው ቦንድ ገዛ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም «የሁላችንም» ተባለ። ውኃው የሁላችን ከሆነ፣ ውኃው ዳር የሚኖረው ሰው እንዴት የማንም አይሆንም?

«ሊበራል ሆናችኋል» ለሚሉን

በመስጂድ አካባቢ «ሊበራል» ስድብ ነው። ይህን ሐሳብ የያዘ ልጅ ዲኑን ያላላ ይመስላቸዋል። በቢሮ በኩል ደግሞ ሰው እኩል ነው ያለ «አሐዳዊ» ይባላል፣ የበርታ ቋንቋ ይጠበቅ ያለ «ጎጠኛ» ይባላል። እኛ የምንለው ግልጽ ነው። ሶላታችን ሶላት ነው፣ ሐላልና ሐራማችን በቦታው ነው። ሰውን በዘሩ አለመመዘን ግን ከአውሮፓ የተዋስነው አይደለም። ቢላል ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ያለ ቀን የታወጀ ነው። ስድቡን ፈርተን ይህን አንተውም።

ለሚሸሹት ደግሞ

አሁን ወደናንተ እንመለስ። አዲስ አበባ የምትሄዱት የሚመስላችሁን ፍለጋ ነው። እሺ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ ደረሳችሁ። እዚያስ የቀበሌ መታወቂያ ሲጠየቅ፣ ቤት ሲከራይ «የየት አገር ልጅ ነህ?» የሚል የለም? ከዚያ በላይ ደግሞ ትራንስፖርት የሚከፍል ዘመድ የሌለው፣ እናቱን ጥሎ መሄድ የማይችል፣ ቤተሰብ የማይለቃት እህታችን ከማን ጋር ይቀራሉ? ሐሳብ ያለው ሁሉ ከወጣ ከተማው ለጯሂው ቀረ ማለት ነው።

ለትምህርት መሄድ ሌላ ነው፣ ለእንጀራ መሄድ ሌላ ነው፤ አላህ ያቅናላችሁ። «እዚያ ሰው አለ፣ እዚህ የለም» ብሎ መሄድን ነው የምንሞግተው። ምክንያቱም ሰው አለ! የምትፈልጉት በተሳሳተ ምልክት ስለሆነ ነው ያላገኛችሁት። እናንተ የምትፈልጉት እናንተ በምትናገሩበት ቃል የሚናገር ሰው ነው። «የዜግነት እኩልነት» የሚል ሰው። እሱ ጥቂት ነው። እኩልነትን ሳይናገር የሚሠራው ግን ብዙ ነው።

ገበያ ላይ ማንጎ የምትሸጠው እናት ብሔር ሳትጠይቅ ለጎረቤቷ በዱቤ ስትሰጥ ታያላችሁ። ክርስቲያን ጎረቤቱ ሲሞትበት ድንኳን ሊተክል ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ። ከሌላ አካባቢ መጥቶ የበርታ ቋንቋ የለመደ ባለሱቅ አለ። እነዚህ ሰዎች ሐሳባችሁን በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ይኖሩታል። ጀመዓችሁ እነሱ ናቸው። ሄዳችሁ ሰላም አላችኋቸው?

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. በሥራ እንገናኝ። በወሬ የተሰበሰበ ግሩፕ በመጀመሪያው ምርጫ ይበተናል። በክረምት ልጆችን በነፃ የሚያስጠኑ፣ ደም የሚለግሱ፣ የመቃብር ቦታ የሚያጸዱ ልጆች ግን ማን ምን እንደሆነ ሳይጠያየቁ ይተዋወቃሉ። ሥራውን በግልጽ፣ በቀን፣ ሽማግሌዎች እያዩ እናድርገው። የተደበቀ ስብስብ ጥርጣሬን ይወልዳል፤ ያለ ስሙም ስም ያሰጣል።

2ኛ. ቋንቋ እንማር። በርታ፣ ጉሙዝና ሽናሻ ቋንቋዎች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ታናሽ ወንድምህ የሚማረውን አንተ አንድ ሰላምታ እንኳ ካልቻልክ «እኩል ነን» ማለትህን ማን ያምንሃል? ቋንቋው እንዳይጠፋ የሚሰጋ በርታ፣ ቋንቋውን የሚማር የሰፋሪ ልጅ ሲያይ የሚሰማውን አስቡት። የምክር ቤት ውሳኔ ያልነካውን ስጋት የሚነካው ይህ ነው።

3ኛ. ኒካሕን እናቅና። ወንድምህ «ግን ሰፋሪ ናት» ሲል፣ እህትሽ «ግን የእነሱ ወገን ነው» ስትል፣ ዝም አትበሉ። በአደብ፣ ለአባትና ለእናት በሚገባ አክብሮት፣ ዲኑንና ጠባዩን ብቻ ጠይቁልን በሉ።

4ኛ. «መጤ» የምትለዋን ቃል ለቀልድም አናንሳት። ቀልዱ ነው መጀመሪያ የሚለመደው።

5ኛ. ይህኛው ከሁሉ ይከብዳል። የእኛ ስብስብ ራሱ አዲስ ጎሳ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። አማርኛ የሚያቀላጥፉ፣ የተማሩ፣ ከተማ ያደጉ ልጆች ብቻ ተሰብስበን «እኛ የነቃነው» ካልን፣ ከኩርሙክ ወርቅ ሲያጥብ የዋለው ልጅ በእኛ ዘንድ መጤ ሆነ ማለት ነው። እኩልነት ስንል ብዙ ቁጥር ያለው ሁሉን ይውሰድ ማለታችን ከሆነም ውሸታሞች ነን። ማኦና ኮሞ ጥቂት ናቸው። የእነሱ ልጅ ምክር ቤት የሚገባበትን፣ ቋንቋው የሚጻፍበትን መንገድ ሳናስብ «ባለቤት የሚለው ይሻር» ብለን ብቻ ብንጮህ፣ የሚሰሙት የአብዛኛውን ጩኸት ነው። ቃሉ እንዲቀር የምንፈልግ ሰዎች፣ ቃሉ የያዘላቸውን ዋስትና በተሻለ ዋስትና ለመተካት ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለን መነጋገር አለብን። ያለ እነሱ አይሆንም።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱ ተጽፏል። ጎረቤትነቱን ግን ማንም አይጽፍልንም፤ በእጃችን የምንሠራው ነው።

ነገ ፈጅር ላይ ከጎናችሁ የሚቆመውን ሰው አባቱን አትጠይቁት። ስሙን ጠይቁት፤ ከመስጂድም አብራችሁ ውጡ።

አላህ ልቦቻችንን ያስማማልን። ወሏሁ አዕለም።