ጣናን ማን ቀደመው?

ደብረ ታቦር ጠጅ ቤት ተቀምጦ «ነባሩ እኔ ነኝ፤ ርስቱ የአያት የቅድመ አያቴ ነው» እያለ የሚፎክር ሰው እስቲ ወደ ፎገራና ደራ ይውረድና የጣናን ዳር ይመልከት። የሐይቁ ቀደምት ሰው እየተባለ የሚነገርለት ወይጦ እዚያ ነው። የጥንት ቋንቋው ጠፍቶ አማርኛችንን ይናገራል፤ ደንገል አስሮ ታንኳ ይሠራል። በታንኳው እንሻገራለን፤ ከማዕዱ ግን እንሸሻለን። ጥፋቱ ምንድን ነው? አያቶቹ ጉማሬ አድነው በሉ! እስላም ነኝ ቢል እንኳ ጎረቤቱ እስላም ሲጠራጠረው ኖሯል።

እንግዲህ እንጠያየቅ። በ2004 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳ፣ በ2005 ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ አማራው «መጤ» ተብሎ ሲፈናቀል አልቅሰናል፤ ይገባልም። ነባርነት ሚዛን ከሆነ ግን በጣና ዳር መጤው ማን ነው? የክልሉ ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር ሲያቆም ወይጦን ማን አስታወሰው? ነባርነት በእጃችን ሚዛን ሳይሆን ዱላ ነው፤ ሲመቸን እናነሣዋለን፣ ወይጦ ፊት ስንደርስ እንሸሽገዋለን። በገበታ የለመድነውን ንቀት ነው ወደ ፖለቲካው ይዘን የምንወጣው።

ሰው አገር የሚኖረው ቀድሞ ስለ መጣ ሳይሆን ሰው ስለ ሆነ ነው። ይህን አምናለሁ የሚል መጀመሪያ ከወይጦ ጋር አንድ ገበታ ይቅረብ።