ፎቶግራፉ ተነሥቶ መዝገቡ የቀረ መጽሐፍ

ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ ኢንተርኔት በየጊዜው የሚነገረውን ስንሰማ፣ ተናጋሪዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው እናገኛቸዋለን። አንደኛው ወገን፣ «መጽሐፉ ሁሉ በእጅ ስልክ ውስጥ ስለ ገባ የቤተ መጻሕፍት ዘመን አልፏል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «መጻሕፍቱን በፎቶግራፍ እያነሣን ወደ ኢንተርኔት ካወጣናቸው ሥራችን ተፈጸመ» ይላል። የፊተኛውን የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መጻሕፍት ደጅ ደርሰው የማያውቁ ሰዎች ስለ ሆኑ ብዙም አያሳስቡንም። የሚያሳስበን ሁለተኛው ነው፤ ይህን የሚሉት በጀት የሚይዙትና መሣሪያ እንዲገዛ የሚያዝዙት፣ ባጭሩ እንደ እኛው ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸውና። ስለዚህ የዛሬው ሙግታችን ከገዛ ወገናችን ጋር ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገብተን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በቆየ እትሙ ፈልገን ነበር። በአዳራሹ መግቢያ በተቀመጠው ኮምፒዩተር የደራሲውን ስም ጽፈን ብንጠይቀው፣ «አልተገኘም» ሲል መለሰልን። አንድ በዕድሜ የገፉ የቤቱ ሠራተኛ ይህን አይተው፣ «ቈዩ ልጆቼ፤ እሱ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው» አሉና ወደ ውስጥ ገብተው መጽሐፉን ይዘውልን መጡ። ኋላ ነገሩን ብንመረምረው፣ እኛ በሐመሩ «ሐ» እና በዐይኑ «ዓ» ስንጽፍ፣ መዝጋቢው በሃሌታው «ሀ» እና በአልፋው «አ» ጽፎት ኖሯል። ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ስም ለመሣሪያው ሁለት ሰው ነው።

ይህ ነገር ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ከእኛ ጋር ይቍጠር። በዛሬው አነጋገራችን የመጀመሪያውን ድምፅ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» እያልን በ6 ዐይነት ልንጽፈው እንችላለን። «ስ»ን በእሳቱም በንጉሡም፣ ማለት በ2፤ «ዓ»ን ከነዘመዶቹ በ4፤ የመጨረሻዋን «ሁ» በ3። ቢባዛ 144 ይሆናል። ብዙዎቹን ጤነኛ ጸሓፊ እንደማይጽፋቸው እናውቃለን፤ መሣሪያው ግን ጤነኛውን ከታመመው አይለይም። አንድ ደራሲ በአንድ መዝገብ ውስጥ 144 ሰው ሊሆን የሚችልበት ቤት ምን ያህል መጽሐፍ ቢኖረው ነው አንባቢው የሚፈልገውን የሚያገኘው?

እዚህ ላይ፣ «እንግዲያውስ ሞክሼ ፊደላቱ ይውጡ» የሚል ድምፅ እንደሚነሣ እናውቃለን። ይህ ከአባቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ክርክር ስለ ሆነ አሁን አንገባበትም፤ መግባትም አያስፈልግም። የመጽሐፉ ርእስና የደራሲው ስም እንደ ታተሙ ይጻፉ፤ በፍለጋ ጊዜ ብቻ መሣሪያው ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቈጥር የሚያዝዝ አጭር ሠንጠረዥ ይሰጠው። ይህ ለሠለጠነ የፕሮግራም ዐዋቂ ከባድ ሥራ አይደለም። የጐደለው፣ ይህ እንዲሠራ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ስሙ ሲስተካከል ደግሞ ሌላ ይቀራል። ከውጭ እንደ መጣ የተተከለ ፕሮግራም «የቤተሰብ ስም» እያለ ይጠይቃል፤ መዝጋቢውም የአባትን ስም ያስቀድምና ሐዲስን «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» አድርጎ ይገለብጠዋል። በእኛ አገር አባት የልጁ መጠሪያ አይደለም። እንዲሁም በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ የዘመኑ አቈጣጠር ሳይገለጽ ሲመዘገብ፣ መሣሪያው እንደ አውሮፓ ቈጥሮ መጽሐፉን ከታተመበት ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስቀድመዋል። ፊደላችን ዓለም በሚስማማበት የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የራሱን ስልት ይከተል ስለ ነበር፣ በዚያን ጊዜ የተጻፈው ሰነድ ዛሬ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። በየመሥሪያ ቤታችን የዚህ ዐይነት ሰነድ ስንት እንዳለ አንባቢው ራሱ ያስበው።

መዝገብ ከፎቶግራፍ ይበልጣል ስንል ያለ ምስክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ ጽሑፎች ከየገዳማቱና ከየአብያተ ክርስቲያናቱ በፊልም ተነሥተው፣ ቅጂው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ፊልም ማንሣቱ ትልቅ ድካም ነበረ። ይሁን እንጂ ያንን ፊልም ለዓለም ምሁራን ያበቃው፣ ዊልያም ማኮምበር የጀመረውና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ቅጠል በቅጠል እያነበቡ የቀጠሉት የዝርዝር መዝገብ ነው። አንድ ጥራዝ በውስጡ ስንት ድርሰት እንደ ያዘ፣ ማን እንዳጻፈው፣ በኅዳጉ ላይ ምን የርስት ውል እንደ ተጻፈ ፎቶግራፉ ብቻውን አይናገርም። ዛሬ የእነዚህ ጽሑፎች ሥዕል በዚያው ቤት ድረ ገጽ ላይ ሲፈለግ የሚገኘው፣ ያ መዝገብ አስቀድሞ ስለ ተሠራ ነው። በጀርመን አገርም የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች በኢንተርኔት እየመዘገበ ነው። የሥራውንም ስም በእኛው ቋንቋ «ቤተ መጻሕፍት» ብሎታል። እኛ ግን በአማርኛ የታተሙትን መጻሕፍት እንኳ በአንድ መዝገብ ሰብስበን ለአገሩ ሕዝብ አላቀረብንም።

ይህን የምንለው የውጭ ሰዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ የሠሩትን ሠርተዋል። ነገር ግን በሰው ቤት ያለ ሀብት በሰው ቤት ችግር ይያዛል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ናቸው። ቤቱ ከእነዚህ ብዙዎቹን በድረ ገጹ ላይ ማሳየት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የኮምፒዩተር ዘራፊዎች ጥቃት ስላደረሱበት ግን መዝገቡም ሥዕሉም ለረጅም ጊዜ ከዐይን ተሰወረ። አዲስ አበባ የተቀመጠው አንባቢ በአንድ ሌሊት ሁለተኛ ጊዜ ተነጠቀ ማለት ነው።

«ወጣቱ በቴሌግራም የተሰረቀ መጽሐፍ ያነባል» እየተባለም ይነቀፋል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ድርጊቱን አንደግፍም። ነገር ግን ወጣቱ ምን አማራጭ ቀረበለት? የደራሲው መብት ያለፈባቸውን መጻሕፍት እንኳ በሕጋዊ መንገድ፣ ንጹሕ በሆነ ቅጂ፣ ሲፈለጉ በሚገኙበት ስም የሚያቀርብለት የመንግሥት ቤት መኖር ነበረበት። አንባቢ እንዳለ ቴሌግራም አሳይቶናል፤ ይህንስ የእኛ አዳራሾች ሊያሳዩን አልቻሉም።

በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተውና ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለን። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት አለን። ሕንፃ የለንም ብለን ማማረር አንችልም። ገንዘብ የለም የሚለውም ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በኒው ዚላንድ ሥራ የጀመረው ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ማንም ያለ ክፍያ ወስዶ እንደ አገሩ ልማድ ሊያስተካክለው የሚችል ነው። ስለዚህ የበላዮቻችንን የምንጠይቀው አዲስ የፎቶግራፍ መሣሪያ አይደለም። የምንጠይቀው ግእዝና አማርኛ የሚያውቁ መዝጋቢዎች በቂ ደመወዝ እንዲቈረጥላቸው፣ የስም፣ የፊደልና የዘመን አመዘጋገብ ደንብ ለቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ሆኖ እንዲወጣ፣ ደንቡ እስኪወጣም ድረስ ያለ መዝገብ የሚነሣ ፎቶግራፍ «የተጠናቀቀ ሥራ» ተብሎ በሪፖርታችን እንዳይገባ ነው። መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውጥተው የሰጡን ሽማግሌም በመዝጋቢዎቹ አጠገብ ተቀምጠው የሚያውቁትን ቢያጽፉ እንወድዳለን፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ጊዜ እንደ ቀራቸው ነግረውናል።