ሞዴሉ ሲከሳ ማን ይረሳ?

የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ፊት ግን አይቀየርም። ስለዚህ የሰው ፊት በገዛ ስልኩ ላይ፣ ምስሉ ወደ ሩቅ ሰርቨር ሳይላክ መረጋገጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ስልኩ ርካሽና ሜሞሪው ጠባብ ቢሆንም እንኳ።

መንገዱ ተገኝቷል። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረቡት ፌስኔት የተባለ ሞዴል አንድን ፊት ወደ 128 ቁጥሮች ይቀይራል፤ ሁለት ፎቶዎች የአንድ ሰው መሆናቸው የሚታወቀው በቁጥሮቹ መቀራረብ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በአንድ ባይት ቢያዝ የአንድ ሰው ፊት 128 ባይት ብቻ ይፈልጋል። ቦታ የሚፈጀው ቁጥሮቹን የሚያወጣው ሞዴል ነው። ከፌስኔት ሞዴሎች አንዱ 140 ሚሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የሚስተካከል ቁጥር) ነበረው፤ እያንዳንዱ 4 ባይት ሲይዝ 560 ሜጋባይት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ሞባይልፌስኔት ግን በ4 ሜጋባይት ብቻ ኤልኤፍደብሊው በተባለው የታወቀ መፈተኛ 99.55 በመቶ አስመዘገበ። ባለ 4 ባይቱን፣ ማለትም ባለ 32 ቢቱን ፓራሜትር በባለ 8 ቢት በመተካት መጭመቅ ደግሞ የሞዴሉን መጠን ወደ ሩብ ያወርዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ 99 በመቶ የማን መሆኑ ነው። ተመራማሪዋ ሳራ ሁከርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 የታዋቂ ሰዎች ምስሎች ላይ እንዳሳዩት፣ ሞዴል ሲጨመቅ አማካይ ውጤቱ እምብዛም አይነካም፤ ስህተቱ የሚበረታው በማሠልጠኛው ውስጥ ጥቂት በነበሩት ላይ ነው። እኛ ደግሞ ከመነሻውም የተጎዳን ነን። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ አልጎሪዝሞችን ፈትሾ፣ ለማመልከቻ በተነሱ ፎቶዎች አንዱን ሰው ሌላ ነው ብሎ የመቀበል ስህተት ከፍ ብሎ ከታየባቸው መካከል የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች እንደሚገኙ አስታውቋል። የዚህ ስህተት ትርጉም ግልጽ ነው፤ ሌላ ሰው በእኔ ስም ገብቶ ገንዘቤን ያወጣል።

አገራችን ኢትዮጵያ ፋይዳ በተባለው ዲጂታል መታወቂያ የዜጎችን አሻራ፣ የዓይን አይሪስና ፊት እየመዘገበች ነው። ወደፊት ፊትን በስልክ ማረጋገጥ የሚፈልግ ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት፣ ሻጩ ሞዴሉ ከመጨመቁ በፊት የለካውን ውጤት ይዞ ሲመጣ እሺ ሊለው አይገባም። ልኬቱ ሞዴሉ ከተጨመቀ በኋላ፣ ሕዝቡ በሚይዘው ርካሽ ስልክ፣ በኢትዮጵያውያን ፊት ላይ ይደረግ። አረጋውያን፣ ሴቶች፣ ጠቆር ያለ መልክ ያላቸው ለየብቻ ይታዩ፤ ከአማካዩ ጎን ከሁሉ የባሰው ቁጥርም ይጻፍ። ፊቱን ስልኩ ያልተቀበለለት ሰውም ጉዳዩን በሌላ መንገድ የመጨረስ መብት ይኑረው። ይህን ያላሟላ ሞዴል የቱንም ያህል ቢያንስ አይገዛ።